ጉምሩክና ባለ ሦስት እግሯ ወፍ

ስሟን ከመታወቂያዋ ላይ ካልሆነ የሚያውቀው የለም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከባለቤቱ ጀምሮ እስከ ጽዳቷ ድረስ፣ «ጉምሩክ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚንሾካሾኩት፤ ሰምታ ዝም ስትል ፊት ለፊት አመጡት። እሷ እቴ! ምን ሊከፋት! እንዲያውም ኩራት ኩራት አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ማተሚያ ቤት በትእዛዝ ነው የሚያትመው። ሺህ ቅጂ አትሞ መጋዘን ማጨቅ የለም። ሰው የሣለውን ወይም ያነሳውን በኢንተርኔት ይልካል፣ አለዚያ በፍላሽ ይዞ ከተፍ ይላል፤ አንድ ኩባያ ካለ አንድ ኩባያ፣ አንድ ቲሸርት ካለ አንድ ቲሸርት፣ ግድግዳ የሚያክል ሸራ ካለም ሸራ ይታተምለታል። በሰውየው ሥዕልና በማሽኑ መሀል ግን ይቺ ሴት ተደንቅራለች። ሃምሳ ልትደፍን ሁለት ዓመት የቀራት፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ማን ወሰደው ብላ ቤቱን የምታምስ ሴት ናት። ፋይሉን አይታ «አልፏል» የሚለው ላይ ምልክት ካላደረገች ማሽኒስቱ ጣቱን አያነሳም።

ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ ሁለት ስክሪን አላት። አንደኛው ወደ እሷ የዞረ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን ቀለም እንዳያሳስታት ከካርቶን ቆርጣ በሠራችው ጥቁር ጥላ ከልላዋለች። እሱን የነካ ሰው፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ ስድቧን ይጠጣታል። ሁለተኛው ወደ ደንበኛው የዞረ ነው። እሱ ለማዋረጃ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መጣ። የስልክ ጥገና ሊከፍት ነው፤ የሱቁን ምልክት ጥቁር ቲሸርት ላይ ማሳተም ፈልጓል። ፍላሹን ተቀብላ ሰካች፣ ከፈተች፣ እንደ ልማዷ አራት መቶ በመቶ አጎላችው። ልጁ ምልክቱን ከስልኩ ስክሪን ላይ እንዳለ ነው ያነሳው። ሰዓቱ ከላይ አለ። ባትሪውም አለ።

«ባትሪህ አሥራ ሁለት በመቶ ነው» አለችው።

«ምን?»

«ይኸው፣ እዚህ ጋ። ቲሸርቱ ላይም ላትመው? ደንበኛ አይቶ ቻርጀር ያውስሃል።»

ጎረምሳው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ምልክቱን የሠራልህ ሰው ጋ ሂድና ዋናውን ስጠኝ በለው፣ በመስመር የተሠራውን። እሱን አዝራር ላይ ብታትመው፣ ፎቅ ላይ ብትሰቅለው አይደበዝዝም። የለኝም ካለህ ፒኤንጂ ይስጥህ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ። ይሄን እንዳለ ጥቁር ቲሸርት ላይ ብመታልህ ደረትህ ላይ ነጭ ፖስታ የለጠፍክ ነው የምትመስለው» አለችና ፍላሹን ነቅላ መለሰችለት።

በማግስቱ ደግሞ ሠዓሊ ነኝ ባይ መጣ። ባርኔጣው ሰፊ፣ ሻርፑ ረጅም። የፀሐይ መጥለቂያ ሥሎ፣ ሥዕሉን በስልክ አንስቶ፣ ለጓደኛው በመልእክት ልኮ፣ ጓደኛው መልሶ ልኮለት፣ ያንኑ አንድ ሜትር ሸራ ላይ አትሙልኝ ነው የሚለው። ስታጎላው ፀሐይዋ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ሆና ቁጭ አለች።

«ስንት ኪሎባይት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችው።

«እመቤቴ፣ ጥበብ በኪሎባይት አይለካም።»

«ጥበቡ አይለካም። ሸራው ግን ይለካል።»

ሰውየው ባርኔጣውን አስተካክሎ ውልቅ አለ። ሳምንት ቆይቶ ሥዕሉን በሥርዓት አስነስቶ፣ ምንም ሳይጎድል በቲፍ ይዞ ተመለሰ፤ ሰላም ግን አላላትም። እሷም የሱ ሰላምታ አላጓጓትም።

ከሁሉ አንጀቷን ያሳረረቻት ግን የድመቷን ፎቶ ቲሸርት ላይ ልታሳትም የመጣች አንዲት የድመት ወዳጅ ናት። ፒኤንጂ አምጪ ስትባል የጄፔጉን ፋይል ስም በእጇ ሰርዛ «ፒኤንጂ» ብላ ጽፋበት መጣች።

«ስሙን ስለቀየርሽው ተቀየረ?» አለቻት ጉምሩክ። «እኔስ ነገ ስሜን ንግሥት ብል ዘውድ ያመጡልኛል?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ እኮ ተቀበለኝ።»

«ኮምፒውተሩማ ይቀበላል። እሱ ምን አለበት፣ ድመቷን ለብሶ መንገድ አይወጣ!»

ጄፔግን አምርራ ነው የምትጠላው። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር አጠገቧ አስቀምጣ ያንኑ ስብከት ትሰብካለች። «ጄፔግ ፋይሉን አሳንሳለሁ እያለ ዓይንሽ አይለየውም ያለውን እያነሳ የሚጥል ሌባ ነው። ከፍተሽ፣ ነካክተሽ፣ ደግመሽ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር ደግሞ ይጥላል። ዛሬ አንድ ጸጉር፣ ነገ አንድ ጸጉር፣ አንድ ቀን ስትነቂ መላጣ ነሽ። ዋናውን በቲፍ አስቀምጪና አትንኪው፤ ለሥራ ቅጂ አውጪ። ለመላክና ለማሳየት ጄፔግ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ሞኝሽን ፈልጊ።» ስብከቱን የምትዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዋናው ፋይል ላይ ደጋግሞ ሴቭ የሚያደርግ ሰው ለመሆኑ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የተሸከመው?» ማሽኒስቱ ይቺን በቃሉ ሸምድዷታል። ማሽኑን እያጸዳ ከንፈሩን አብሯት ያንቀሳቅሳል።

ይሄ ንቀቷ ታዲያ ቤቷም ይገባል። ታናሽ ወንድሟ ያገባት ሴት የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ ደግ፣ ለፍላፊ፣ ስልክ ከእጇ የማይለይ። ጠዋት ጠዋት ጽጌረዳ አበባ ላይ «መልካም ቀን» የተጻፈበት ሥዕል ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ትልካለች። ሥዕሉ ከእጅ እጅ ሲተላለፍ ስለኖረ ጽጌረዳው ቲማቲም ይሁን ጽጌረዳ መለየት ካቃተ ቆይቷል። ጉምሩክ «ፖስታ ቤት» ብላታለች። «ዛሬ ፖስታ ቤቷ የበሰበሰ ቲማቲም ላከችልኝ» ትላለች ለእናቷ። እናቷ «ተይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» ትላታለች። ምንም አላደረገቻትም። ጉምሩክ ሰው ለመናቅ የግድ መበደል አያስፈልጋትም።

እናቷ በጉብዝናዋ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጥልፏን ያየ ሌላ ቤት አይሄድም። የምትጠልፈውን አስቀድማ ደብተር ላይ በእርሳስና በውኃ ቀለም ትሥለዋለች። ያ ደብተር አርባ ሦስት ገጽ ነበር፤ ከአርባ ሦስቱ የምትወደው አንዱን ነው፣ ቅርንጫፍ ላይ የቆመች ጅራተ ረጅም ወፍ ያለችበትን። ጉምሩክ ማተሚያ ቤቱ በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት ደብተሩን ወስዳ በመሥሪያ ቤቱ ስካነር ገጽ በገጽ ስካን አድርጋዋለች። እሰይ አደረገች፤ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ከላያቸው ያለው ፎቅ የውኃ ቧንቧ ፈነዳና የእናትየው ቁም ሣጥን ከነደብተሩ ገንፎ ሆነ። ጉምሩክ ያኔ እናቷን አቅፋ፣ «አታልቅሺ እማዬ፣ እኔ ጋ አለ። ሁሉም አለ» አለቻት። አፏን ሞልታ ነው ያለችው።

በዚህ ዓመት እናትየው መርፌ ማስገባት አቃታት። ቀጥሎ የሰው ፊት እየጠፋባት መጣ። የዓይን ሐኪሙ አይቶ ሲያበቃ ጉምሩክን ወደ ጎን ጠራት። «የሚጠፋው ከመሀል ነው፤ ዳር ዳሩ ይቆያል። ትልልቅ ነገር ለጥቂት ወራት ታያለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም» አላት። እናትየው ጆሮዋ ምን ሆነና! ወንበሯ ላይ ሆና ሰምታዋለች።

ቤት እንደገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ተናገረች። «ያቺን ወፍ አትሚልኝ። በትልቁ፣ ያን ግድግዳ የሚሞላ አድርገሽ። ሳልታወር ልያት። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

«አንድ ሜትር አድርጌ ነው የማመጣልሽ» አለች ጉምሩክ።

ፖስታ ቤት ይሄን ጊዜ ሻይ እያቀረበች ነበር። «እታለም፣ እኔ ጋ እኮ የደብተሩ ፎቶ አለኝ» አለች። «እዚህ ቤት በሙሽርነት የመጣሁ ሰሞን ወፏን በስልኬ አንስቻት ለወንድምሽ ልኬለት ነበር። ከፈለግሽ…»

«በስልክ?»

«አዎ።»

«በአምፖል ብርሃን?»

«ማታ ስለነበር…»

«ጣትሽም አብሮ ያለበት?»

«ትንሽ፣ ጥግ ላይ…»

ጉምሩክ ሻይዋን አነሳች። «እሱን ከቲማቲሞችሽ ጋር አስቀምጪው» አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እናትየው ዓይኗ ባያይም የሆነው ገብቷት ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ጉምሩክ የራሷን ሃርድ ዲስክ ሰክታ ወፏን ከፈተች። የፋይሉ ስም «ወፍ ንጹሕ የመጨረሻ» ይላል። ከስሙ ጀርባ ያለችውን ቅጥያ ግን ዛሬ ገና ልብ አለቻት። ጄፔግ።

ክው አለች። ቲፍ ነው እያለች ነበር ዕድሜዋን የኖረችው። ያኔ ስካን ስታደርግ አዲስ ነበረች፣ ጄፔግን ከጀበና የምትለይበት ዘመን አልነበረም፤ ስካነሩ የሰጣትን ተቀብላ ሄደች። ያም ይሁን፣ የመጀመሪያው ስካን እንዳለ ቢቀመጥ ባልከፋ ነበር። እሷ ግን አላስቀመጠችውም። በየዓመቱ የእናቷ ልደት ሲደርስ «ዘንድሮ በትልቁ አትሜ አስደንቃታለሁ» ብላ ትከፍተዋለች። ታየዋለች። ገና አልጠራም ትላለች። እዚህ ጋ የሻይ ነጠብጣብ አለ፤ ታጠፋዋለች። እዚያ ጋ የእርሳስ መነሻ መስመር አለ፤ ታጠፋዋለች። ሴቭ ታደርጋለች፣ እዚያው ላይ፣ በዚያው ስም። ለከርሞ ትላለች። ዘጠኝ ልደት አለፈ። ዘጠኝ ጊዜ አጸዳችው፤ ዘጠኝ ጊዜ ጄፔግ ድርሻውን ወሰደ።

የሰው ፋይል ሲሆን አራት መቶ በመቶ የምታጎላ እጅ ነበረቻት። የራሷን አንድም ቀን አጉልታው አታውቅም። አሁን አጎላችው። ላባው ተለስኗል። ጅራቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረበት አጥር ሆኗል። የወፏ ዓይን የት እንደሆነ ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት።

ማሽኒስቱ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን አየ። «ይሄን ደግሞ ማን አመጣው?»

«አንዲት ደንበኛ» አለች።

«መልሺያታ! ይሄ እኮ ስንት ጊዜ ተነካክቷል!» አለና፣ ምስኪን ሰውዬ፣ ሊያስደስታት ብሎ የራሷን ስብከት በራሷ ድምፅ አሰማላት። «ዋናው ፋይል ላይ ደጋግሞ ሴቭ የሚያደርግ ሰው ለመሆኑ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የተሸከመው?»

እየሳቀ ወደ ማሽኑ ሄደ። ጉምሩክ ፋይሉን ዘጋችው።

መቼም የእናት ነገር ነው፣ መላ መታች። ማጉያ ፕሮግራም አለ፤ የጠፋውን ላባ ከራሱ እየፈጠረ የሚሞላ። ሌላ ጊዜ ደንበኛ በዚህ አስተካክሎ ሲመጣ «ይሄ ላባ ከየት መጣ? ወፏ ዊግ አደረገች?» ብላ የምትመልሰው ነው። አሁን ራሷ ዊጉን አለበሰቻት። ሁለት ቀን ስታስተካክል ዋለች፣ ዓይን ሣለችላት፣ ጅራቷን አሹላ አወጣች። ከዚያ «አልፏል» ላይ ምልክት አደረገችና፣ ማሽኒስቱ ሌላ ሥራ ላይ እያለ፣ ራሷ አትማ ራሷ ፍሬም ላይ ወጠረችው። ከሦስት እርምጃ ላይ ለሚያየው ወፍ ነው። እማዬ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፣ አትለየውም አለች በልቧ። ልክ እንደ ጄፔግ ማለት ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸራው ተሰቀለ። እናትየው የልብስ ስፌት መኪናዋ ጎን ካለው ወንበር ተነሥታ ተጠጋች። አሁን አሁን ነገር የምታየው አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ በዓይኗ ጥግ ነው። እንደዚያ ሆና ወፏን ከጅራቷ ጀምራ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አየቻት። ጊዜ ወሰደች።

«ቆንጆ ናት» አለች። «እግሯስ?»

«አለ እኮ እማዬ፣ ይኸው። ሁለቱም።»

«ሁለቱን ማን ጠየቀሽ? ሦስተኛው።»

ጉምሩክ ወዲያው ትዝ አላት። ከዘጠኙ ሁለተኛው ልደት ላይ ነው። ከወፏ ሆድ ሥር ወደ ቅርንጫፉ የወረደች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠመረች፣ ወፍራም ጠማማ መስመር ነበረች። ወንድሟ በሕፃንነቱ የጫረው መስሏት ነበር። «ይሄ ልጅ ምኑን ነው ያላበላሸው!» ብላ ነበር ያጠፋቻት። እንዲያውም ከሁሉም እሷን ስታጠፋ ነበር ደስ ያላት፤ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶላት ነበር።

«ቆሻሻ መስሎኝ አጸዳሁት» አለች።

እናትየው ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «አባትሽ ነው የሠመራት» አለች። «አንቺ በሆዴ ነበርሽ። ከመንገድ ገባ፣ የጭነት መኪናውን አቁሞ፣ እጁ ገና የሞተር ግራሶ ነው። ስሥል አየኝና፣ ‹ይሄን የሚያህል ጭነት በሁለት ጎማ አይሄድም፣ ትገለበጣለች› ብሎ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ እግር ጨመረላት። ሥዕሌን አበላሸህ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ስገልጥ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በከፈትኩት ቁጥር እስቃለሁ። አባትሽ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። እጁ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም።»

«እማዬ…»

«ወፏንማ እኔው ነኝ የሣልኳት። እጄ ያውቃታል፣ ዓይኔን ጨፍኜም አያታለሁ። እኔ ልያት ያልኩት እግሯን ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጉምሩክ ሸራው ፊት ለፊት ቆማ፣ ያቺን የጠራች፣ የተስተካከለች፣ ዊግ የለበሰች ወፍ አየቻት። በሕይወቷ አይታ የማታውቀው አስቀያሚ ፋይል ነው። የናቀችውን ሰው ሁሉ፣ ባለ ባትሪውን፣ ባለ ባርኔጣውን፣ ባለ ድመቷን፣ አሰበቻቸው። እነሱ የሰው አባት አላጠፉም። አፈር በበላሁ አለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባችም፤ ጸጉር ቤት ሄደች። ፖስታ ቤት የአንዲት ሴት ጸጉር ላይ ካስክ ደፍታ ስልኳን ትጎረጉራለች። የባሏን እኅት በሩ ላይ ስታያት ደነገጠች። «እታለም! እማማ ምን ሆኑ?»

«ደህና ናት። ያቺ ፎቶ…» አለች ጉምሩክ። ቃሉ እንደ አጥንት ተሰነቀረባት። «ያቺ የወፏ ፎቶ አለች?»

ሌላ ሴት ብትሆን ይቺን ሰዓት አምላክ ሰጠኝ ብላ ትጫወትባት ነበር። ቲማቲሙን ታነሳባት ነበር። ይቺ ግን እንደዚያ አይደለችም፤ ፊቷ በራ። «ስልኬማ ጠፋ፣ ያኔ የነበረው። ግን ለወንድምሽ የላክሁት አለ፣ እሱ ምንም ነገር አጥፍቶ አያውቅም፣ ሰነፍ ነው!» አለችና ደወለችለት። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። ጉምሩክ ተቀብላ አየችው።

እውነትም ጉድ ነው። ዘጠና ኪሎባይት። አምፖሉ ገጹን ቢጫ አድርጎታል። ደብተሩ ዘሟል። ታች ቀኝ ጥግ ላይ የፖስታ ቤት አውራ ጣት ከነቀይ ጥፍር ቀለሙ ተጋድሟል። በመልእክት ተልኮ፣ ተጨምቆ፣ አሁንም እንደገና ተጨምቆ ደርሷል። ሌላ ቀን ባንኮኒዋ ላይ ቢቀርብ ሰውየውን ከነስልኩ የምታባርርበት ነው። ወፏ ደብዝዛለች። ከሆዷ ሥር ግን ሰማያዊዋ እግር ወፍራም ናት፣ ጠማማ ናት፣ አለች። ሰነፉ ወንድሟ ነው ያቆያት፣ ምንም ባለመንካት።

ጉምሩክ ጸጉር ቤቱ ውስጥ፣ ካስክ የደፉ ሴቶች ፊት፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ፖስታ ቤት ፎጣ አቀበለቻት።

ከሰዓት ማተሚያ ቤት ገብታ የትእዛዝ ቅጹን እንደማንኛውም ደንበኛ በእጇ ሞላች። አንድ ሜትር፣ ሸራ፣ አንድ ቅጂ። ማሽኒስቱ ፋይሉን ከፍቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ጉምሩክ፣ ይሄን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ጄፔግ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጣት አለበት!»

«ጣቱም ይታተም» አለችው። «ብርሃኑን አታስተካክል፣ አታቅና፣ በማጉያ ፕሮግራሙ አታጉላ፣ እንዳለ። አንዲት ነገር ከነካህ እጅህን እቆርጠዋለሁ።» ከዚያ «አልፏል» ላይ ምልክት አደረገች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፣ ሊቀልድ ፈለገ፣ ፊቷን ሲያይ ተወውና ማሽኑን አስነሣ። ስትታተም ቆማ ጠበቀች። የማውቀው ሥራ ሁሉ በዚህ ያብቃ አለች በልቧ፤ መቼም ጉረኛ ስትዋረድም በጉራ ነው።

ማምሻውን የቀድሞዋን አውርዳ ይቺን ሰቀለቻት። እናትየው ተጠጋች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ከጅራቷ ጀምራ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። ታች ስትደርስ ቆመች። እጇን ዘርግታ ሰማያዊዋን መስመር በጣቷ ተከተለቻት፣ ከሆድ እስከ ቅርንጫፉ። ሳቋ መጣ። «ትገለበጣለች አለኝ እኮ!» አለች። «ይሄ ግራሷም!»

እስኪበቃት ሳቀችና ዓይኗን ጠረገች። ዳር ዳሩ አይደል የሚታያት፣ «እዚህ ጥግ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድነው?» አለች።

«የምራትሽ ጥፍር ነው።»

«እሰይ። እሷም ትኑርበት።»

በሳምንቱ ፖስታ ቤት መጣች። ገና ከበሩ የራሷን አውራ ጣት አየችው፣ ዳቦ አክሎ፣ ግድግዳው ላይ። አፏን ይዛ ቀረች። «ወይኔ ጉዴ! እታለም፣ አንቺ የምታክል ባለሙያ ይቺን ጣት ማጥፋት አቃተሽ?»

ጉምሩክ እናቷን አየቻት፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ግድግዳውን ታያለች፣ ለራሷ ፈገግ ትላለች።

«ማጥፋትማ ማን እንደ እኔ!» አለችና፣ ሌላ ወንበር ስባ ለልጅቷ አስጠጋችላት።